«ቁልፍ ነው» ብዬ የዋሸሁባት ሰንጢ

(ባለፈው እሑድ በወጣቶች ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ «ለጥፈው» ስላላችሁኝ ለጠፍኩት። ሥራ የሌለው ሰው ሲጽፍ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።)



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ኪስህን ዳብስ። አንቺም ቦርሳሽን። ስልክ አለ፣ መታወቂያ አለ፣ ቁልፍ አለ። ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለችውስ ምንድን ናት? ዛሬ የማወራው ስለ እሷ ነው። ማንም እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም፤ እኔ ራሴ አስቀድሜ አወጣለሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። አራት ጓደኛሞች ነን። ከአራታችን አንዱ አመሻሽ ላይ ከሽምብጥ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ሁለት ልጆች ስልኩን መንትፈው ሮጡ። ስልኩን ታላቅ እህቱ ከዓረብ አገር ነበር የላከችለት። ልጁ ከስልኩ ይልቅ «ለእሷ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» እያለ ነው የተብሰለሰለው። በዚያው ሳምንት አንዳችን ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘ። እዚያ የማይሸጥ የለም፦ እስክሪብቶ የሚመስል ስለት፣ የባንክ ካርድ የሚያህል ተጣጣፊ ቢላዋ፣ ቀበቶ ውስጥ የተሸጎጠ ጩቤ፣ ኤሌክትሪክ የሚለቅ የእጅ ባትሪ፣ ጣት ላይ የሚጠለቅ የቡጢ ብረት። እኔ የመረጥኩት ቁልፍ የሚመስል ሰንጢ ነው። ሲያዩት የቤት ቁልፍ ነው፤ ስትከፍተው ስለት ይወጣል። ከቤተሰብ በተሰጠኝ የኪስ ገንዘብ ነው የገዛሁት፣ እሱን አልደብቅም።

ምን ልበላችሁ፣ ሰው ያደርጋል! ማታ በፔዳ በኩል ሳልፍ ደረቴ ሰፋ። ድሮ ዞር የምልባቸውን ልጆች ፊት ለፊት ማየት ጀመርኩ። ሰንጢዋን ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አውጥቼ የተጠቀምኩባት አንዴ ብቻ ነው፣ ብርቱካን ለመላጥ። እሱንም በቅጡ አልላጠችልኝም።

ከዚያ የፈተናው ቀን መጣ። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስንት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደቆምኩ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አጠገቤ ነበራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለጽሑፍ ፈተና ጠራኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ደረስኩ። ፍተሻ አለ። ፈታሹ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ፖሊስ ነው። ቁልፎቼን በእጁ ይዞ አንዷን ገልበጥ ገልበጥ አደረጋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ ነው።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤት።»

ከፈታት። ስለቷ ወጣች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ አዩ። እዚያው ወደ ጎን አቆሙኝ፤ ከዚያ ጣቢያ ተወሰድኩ። ቃሌን ሰጠሁ፣ አደርኩ፣ በማግስቱ በዋስ ወጣሁ። ክስ አልመጣብኝም። ፈተናው ግን አለፈ። ጣቢያ ላይ ስንለያይ ያ ፖሊስ ያለኝ ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ፦ «ልጄ፣ ቢላዋ ነው ብትለኝ ኖሮ እዚያው በር ላይ አስቀምጠህ ትገባ ነበር። ቁልፍ ነው ስትለኝ ምን ላስብ?»

መጀመሪያ ተናደድኩበት። በኋላ ግን ደጋግሜ ሳስበው እውነቱን ነው። በእርግጥ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ግን የገዛሁት ዕቃ ራሱ ውሸት ነበር። የተሠራው እንዲዋሽ ነው። እሱን ኪሱ የከተተ ሰው «ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? አልተናገርኩም።

ዲግሪዬ በምህንድስና እንጂ በሕግ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ጊዜው ስለነበረኝ (ከጊዜ በቀር ምን አለኝ?) የወንጀል ሕጉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሕግ የተማረ ጓደኛዬን ሻይ እየጋበዝኩ፣ እውነቱን ለመናገር እሱ እየጋበዘኝ፣ ያልገባኝን ጠየቅኩት። ያገኘሁትን በራሴ ቋንቋ ልንገርህ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ራስህን የመከላከል መብት ይሰጥሃል። አንቀጽ 78 ነው። «ራሴን ብከላከል ሕግ ያስረኛል» የሚባለው ወሬ እንዲሁ በጥቅሉ ትክክል አይደለም። ራስህንም፣ ሌላ ሰውንም መከላከል ትችላለህ፤ አይቀጣህም። ግን በሮች አሉት፣ ሁሉንም ማለፍ አለብህ። አንደኛ፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ወይ እየደረሰብህ ወይ ሊደርስብህ የተቃረበ መሆን አለበት፤ የትናንቱ አይቆጠርም፣ «አንድ ቀን ያገኘኛል» የሚለውም አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ በሌላ መንገድ ልታመልጠው የማትችል መሆን አለበት። አራተኛ፣ ያደረግኸው ነገር ከመጣብህ አደጋ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

አሁን የጓደኛዬን ስልክ በእነዚህ በሮች አሳልፈው። ሁለት ልጆች መነተፉት፣ ሮጡ። ሰንጢ ነበረው እንበል። ተከትሎ ሮጦ አንዱን ከኋላው ቢወጋውስ? ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነው፣ እሺ። የቀሩት በሮች ላይ ግን ጉድ ይፈላል። እየሸሸ ያለ ልጅ በሰውነትህ ላይ ምን አደጋ ደቅኗል? ስልክና ሳንባ ይመጣጠናሉ? ልጁ ቢሞት ያ ጓደኛችን ዛሬ እዚህ ከኛ ጋር አልነበረም። እህቱም ዓረብ አገር ሆና የምትልከው የስልክ መግዣ ሳይሆን የስንቅ ብር ይሆን ነበር።

ከልክ ያለፈ መከላከልን ሕጉ ጨርሶ ጨክኖ አያይም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። አንቀጽ 79 አለ። ገደቡን ካለፍክ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልልሃል። ገደቡን ያለፍከው ጥቃቱ ባመጣብህ ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነና ፍርሃቱ ይቅር የሚባል ሆኖ ካገኘው ጭራሽ ላይቀጣህም ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ እዚህ ላይ ነው። ድንጋጤ ማለት ሳታስበው የመጣብህ ነገር ነው። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ያነሳ ሰው «ደንግጬ ነው» ቢል ይታመናል። ቴሌግራም ላይ መርጦ፣ ብር ልኮ፣ አንድ ሳምንት ጠብቆ፣ ወሩን ሙሉ ኪሱ ይዞ የዞረ ሰው «ደንግጬ ነው» ሲልስ? ዐቃቤ ሕጉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ገዛኸው?» ነው የሚሆነው። የኔ ጓደኛ «የተደበቀ ስለት መከላከያህን አያጠናክርም፣ ከሳሽህ እጅ ላይ ማስረጃ ያስቀምጣል» ነው ያለኝ።

ቁጥሮቹን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ቁጥር አይዋሽም። ሰው ብትገድልና ነገሩ ራስን ከመከላከል ልክ ያለፈ ነው ከተባለ አንቀጽ 541 ነው የሚያገኝህ፤ ቀላል እስራት፣ እስከ 5 ዓመት። ተራ ግድያ ነው ከተባለ አንቀጽ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ከባድ ነው ከተባለ ደግሞ 539፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ይሄ ከባዱ አንቀጽ የሚያያቸውን ነገሮች ስታነብ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፣ የተጠቀምክበት መሣሪያና ዘዴም አለበት። ያው አንድ ሞት ነው፣ ያው አንድ ምሽት ነው፤ በ541 እና በ539 መካከል ያለው ርቀት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ሰው ባይሞትም እንዲሁ ነው። በአካል ጉዳት ላይ አንቀጽ 556 መሣሪያ ወይም ጉዳት ማድረስ የሚችል ዕቃ መጠቀምህን ቅጣት ማክበጃ አድርጎታል። አንቀጽ 84 ደግሞ ሌሊትን ተገን ማድረግና በመሣሪያ መጠቀምን በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጣቸዋል። እኛ ደግሞ ሰንጢ የምንይዘው መቼ ነው? ሌሊት።

ሽጉጥና ክላሽ ለብቻው አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1177/2012። በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ፈቃድ ከሌለህ ወንጀል ነው፤ «ለራሴ መጠበቂያ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንህም።

አሁን «ይሄ ሁሉ የኛ አገር ችግር ነው፣ ውጭ አገር ነፃነት አለ» የምትለኝ ወንድሜ፣ ቆይ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ሽጉጥ በገፍ የሚሸጥባት አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ጉዳዩን በስም በስም ለያይታ ነው የከለከለችው፦ የሊፕስቲክ ማስቀመጫ የሚመስል ቢላዋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል ቢላዋ፣ የቀበቶ ዘለበት ቢላዋ፣ የጎማ አየር መለኪያ የሚመስል ቢላዋ፣ ውስጡ ሰይፍ ያለው ከዘራ። አስተውል፣ የወጥ ቤት ቢላዋ ከሊፕስቲኩ ስለት ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ማንም ሱቅ ገብተህ ትገዛዋለህ። የተከለከለው ትንሿ ናት። ለምን? ሌላ ነገር መስላ ስለምትታይ።

እንግሊዝም እንደዚያው ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ዝርዝር የቡጢ ብረቱን፣ የሰይፍ ከዘራውን፣ የቀበቶ ቢላዋውን ከለከለች። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እየረዘመ ነው፤ በ2024 አንዳንድ ገጀራዎችን፣ በ2025 ደግሞ ኒንጃ የሚባለውን ሰይፍ ጨመሩበት። ያ ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ የሚለቅ ባትሪስ? እዚያ አገር ሌላ ዕቃ መስሎ የተሠራ ከሆነ እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚታየው። የያዘው አዋቂ ሰው ልዩ ምክንያት ካልተገኘለት ቢያንስ 5 ዓመት ይፈረድበታል። በርበሬ የሚረጨው ቆርቆሮ እንኳ በዚያው በጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ ነው። ዘመድህ ለንደን ቢሄድ ስጦታ ብለህ እንዳትሰጠው።

ሕግ ሁሌ ልክ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ኒውዮርክ በእጅ ውርወራ የሚከፈት ሰንጢን ለብዙ ዓመታት ከልክላ ነበር። በዚያ ሕግ የሚታሰሩት ብዙዎቹ ካርቶንና ገመድ የሚቆርጡበትን ቢላዋ የያዙ የቀን ሠራተኞች ሆነው ተገኙ። ሰው ጮኸ፣ በ2019 ክልከላውን አነሱት። እንዲህ ዓይነት ሕግ ድሃው ኪስ ላይ ቶሎ ያርፋል፤ እሱን እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። ያንን ሕግ ያስነሳው ግን ሰንጢውን ጫማው ውስጥ የደበቀው ሳይሆን በግልጽ የተከራከረው ነው።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ይሄ ነገር ከሕግ መጽሐፍ በፊት የኛ ባህል ነበር። የአቸፈርና የሜጫ ገበሬ መሣሪያውን የት ነው የሚይዘው? ትከሻው ላይ። ሽመሉን የት ነው የሚይዘው? አንገቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት። ከሩቅ ይታያል። «እኔ ይሄን ይዣለሁ» ብሎ ነው ሰላም የሚልህ። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ መሣሪያውን ከቅጥሩ ውጭ ያስቀምጣል። ለሽምግልና ሲቀመጥ ዱላው መሬት ላይ ይጋደማል። ደም የተቃቡ ሰዎች ሊታረቁ ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አንዱ ከጋቢው ሥር ጩቤ ሸሽጎ ቢገኝ ምን ይባላል? ጀግና አይባልም። ስሙን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በአባቶቻችን አፍ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም። እኛ ቀረርቶ እየሰማን ያደግን ልጆች ነን፤ ከቀረርቶው ጋር ግን የሊፕስቲክ ቢላዋ አይሄድም።

ውይይቱ ላይ አንድ ወንድም «ታዲያ አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶምስ ቦምብ ይዘው አልገቡም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አገራቸውን የወረረ ጦር አዛዥ ላይ ነው። ያ ጦርነት ነበር። ስልክ የነጠቀህ የሰፈርህ ልጅ ግራዚያኒ አይደለም። የእነሱን ስም ለሽምብጥ መንገድ ጸብ አናውጣው፤ ይከብደዋል።

አሁን ወደ እህቶቼ። ይሄን ክፍል ስጽፍ ነው እውነት ለመናገር እጄ የተንቀጠቀጠው። ታናሽ እህቴ ካፌ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምትወጣው። ከጣቢያ ወጥቼ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ታዲያ እኔ ምን ልያዝ?» ነበር። ይሄ ሁሉ አንቀጽ ለእሷ መልስ አይሆናትም። እሷ የምትፈራው ስልኳን አይደለም። ከወንድ የሚጠበቀውን «አምልጥ» ለእሷ ማለት ቀላል አይደለም።

የሚጥሚጣ ብናኝ በጠርሙስ ይዛ ለመሄድ አስባ ነበር። አንድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወስጄ ጥቂት ዱቄት በተንኳት። ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፤ ዱቄቱ ተመልሶ እሷና እኔ ላይ አረፈ። ሳቅን። ሳቁ ግን ለጥያቄዋ መልስ አልሆነም። በመጨረሻ ያደረግነው ይሄ ነው። ካፌው ውስጥ ከእሷ ጋር የሚወጡ ሦስት ልጆች አሉ። አራቱ በአንድ የሚያውቁት ባጃጅ ተስማሙ፣ ሒሳቡን ይካፈሉታል። ፊሽካ ገዛሁላት፤ ፊሽካ ማንም አይከለክልም፣ ማንም ፈታሽ «ምንድን ነው?» ብሎ አይጨነቅም፣ ሰፈሩን ግን ይቀሰቅሳል። ባጃጁ በማይመጣባቸው ቀናት ደግሞ እኔ ሄጄ አመጣታለሁ። ሥራ ፈት ወንድም ምን ጥቅም አለው ላላችሁ፣ ለዚህ ነው። የሰፈራችን ልጆችም ተራ ገብተው ሌሎቹን መሸኘት ጀምረዋል። ይሄን እናንተም በየሰፈራችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ አሥር ወጣት ይበቃል፣ ዱላም አይፈልግም።

ሌላ አንድ ተግባራዊ ነገር። ፍተሻ ላይ ከተያዝክ አትዋሽ፣ አትጋፋ፣ አትሩጥ። ዝም ማለት ግን መብትህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው ይላል። የተያዝክበትን ምክንያት በሚገባህ ቋንቋ ሊነግሩህ ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ይገባል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው አግባብ ያለው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይሄን የምነግርህ እኔ ያንን ሌሊት አንዱንም ስላላወቅኩ ነው። ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ለፈለፍኩ። የሦስቱን ጓደኞቼን ስም ሳይቀር ልናገር ምን ቀረኝ!

ሰልፍና ስብሰባ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አንቀጽ 30 የሰጠን መብት በሰላም፣ መሣሪያ ሳንይዝ የመሰብሰብ መብት ነው። ሺህ ሰው በባዶ እጁ ወጥቶ አንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ የቀበቶ ጩቤ ቢገኝ፣ በማግስቱ ወሬው ስለ ሺሁ ጥያቄ አይሆንም፤ ስለ ጩቤው ይሆናል። ያንን ጩቤ የያዘው ልጅ ደግሞ ለክፋት ላይሆን ይችላል፣ እንደኔው ቻናል ላይ ዓይቶ ደስ ብሎት ነው።

ሰንጢዋ ጣቢያ ቀረች፤ ልጠይቃትም አልሄድኩም። የሦስቱ ጓደኞቼን ዕቃ ምን እንዳደረጉት ራሳቸው ይናገሩ፣ ሁለቱ እዚህ ተቀምጠዋል። እኔ አሁን ቁልፌ ላይ ያለችው የደንገል ታንኳ ናት፣ ሐይቁ ዳር ለቱሪስት የሚሸጧት ትንሿ። ባለፈው ወር ሌላ ፈተና ነበረኝ፣ ሌላ በር፣ ሌላ ፈታሽ። ታንኳዋን አገላበጣት።

«ይሄስ?»

«ታንኳ ነው።»

አየኝ፣ ሳቀ፣ አሳለፈኝ። ውጤቱ ገና አልወጣም። ሲወጣ እዚሁ እጽፋለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከታች አስቀምጡ፤ የሕጉን ነገር ለጓደኛዬ አድርሼ መልሱን አመጣላችኋለሁ፣ ሻዩን ግን በዚህኛው ዙር እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት።